አስቀድሞ የተፈረመው ፎርም

ከወንድሜ ጋር እንደ ወትሮው ያሳለፍነው የመጨረሻ ቀን ከብት ስንከትብ የዋልንበት ቀን ነው።

ታላቅ ወንድሜ የእንስሳት ሐኪም ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ በተከራያት አንዲት ክፍል አብረን እንኖር ነበር፤ አባትና እናታችን ገጠር ናቸው። በዚያ ቀን ትምህርት ስላልነበረኝ ከከተማው ብዙም ወደማይርቅ ቀበሌ ይዞኝ ወጣ። እኔ ተራ አስከብራለሁ፣ እሱ ይወጋል።

ኪሴ ውስጥ አንድ የታጠፈ ፎርም ነበር። አስረኛ ክፍልን ጨርሼ ለአስራ አንደኛ ናቹራል ወይም ሶሻል መምረጥ ነበረብኝ። በማግስቱ ይመለሳል። ቤተሰቡ ሁሉ ናቹራል እንደምገባ እርግጠኛ ነበር። የሐኪም ወንድም ሌላ ምን ይገባል? እኔ ግን ፊዚክስ አልወድም። ይህን ለእሱ እንዴት እንደምነግረው... ሳምንቱን ሙሉ ስፈራ ሰነበትኩ።

መንገድ ላይ ጨዋታችንን ጀመርን። ወንድሜ የፈጠረው ጨዋታ ነው። «ሳይንስ የሚባል ነገር ባይኖር ማን ምን ይሆን ነበር?» እንባባላለን። የኬሚስትሪ አስተማሪዬን አረቄ አውጪ አድርገነዋል። መብራት የሚሠራውን ጎረቤታችንን ደግሞ ኩራዝ ሻጭ።

እንደደረስን አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን ይዘው ቀረቡ።

«ዶክተር፣ እግረ መንገድህን ይቺን ጉልበቴንም ውጋልኝ።»

«አባባ፣ ይሄ እኮ የበሬ ነው።»

«ዕድሜ ልኬን አብሬው አርሼ! ለእሱ የሆነ ለእኔ ምን ያንሰኛል?»

ወንድሜ በሳቅ መርፌውን ሊጥለው ነበር። «ለመሆኑ አባባ፣ ሳይንስ ባይኖር እኔ ምን የምሆን ይመስልዎታል?»

«ዱዓ ታደርግላቸው ነበራ! ይሄኔ ሳይወጉ ድነው ነበር።»

ከዚያ ጭቅጭቅ ተነሳ። አንድ ሰውዬ ሁለት በሬ ይዞ ቆሟል። አንዱ የራሱ፣ ሌላው የጎረቤቱ ነው። እኛ አገር አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ያርሳሉ። መቀናጆ ይባላል። ከኋላው ያለች ሴት ጮኸች፦

«ባለቤቱ ሳይመጣ በሬው ተራ ሊይዝ ነው? ተራ የሰው ነው የበሬ?»

«በሬው አንቺን ቀድሞሽ መጥቷል፣ ምን ላድርገው!» አላት ሰውዬው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ደነገጥኩ።

«በአንድ ቀንበር... ያረሱ... በአንድ ተራ ይግቡ» አልኩ።

ከዚያ ሴትየዋ ራሷ ሳቀች። «ወላሂ ልክ ነው! ይግቡ» አለች።

ወንድሜ መርፌውን እንደያዘ ቆሞ አየኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ቆሎ ስንቆረጥም «ሳይንስ ባይኖር አንተ ዳኛ ነህ» አለኝ።

«ቢኖርስ?»

«ቢኖርም ዳኛ ነህ። ፊዚክስ እንደማትወድ የማላውቅ መሰለህ? ደብተርህን አይቼዋለሁ፤ ከቁጥሩ የአስተማሪህ ሥዕል ይበዛል። ፎርሙን አምጣው።»

ሰጠሁት። ምርጫው ገና አልተሞላም ነበር። እሱ ግን በአሳዳጊ ቦታ ላይ ፈረመ። የተከተበ ከብት በሚቀባበት ሰማያዊ ቀለም ጣቱ ተነክሮ ስለነበር ወረቀቱ ጥግ ላይ አሻራው ቀረ።

«ምኑን አይተህ ፈረምክ?» አልኩት።

«አንተን አይቼ። የምትሞላው አንተ ነህ። አብሽር!»

«አንተስ ሳይንስ ባይኖር?»

«እኔማ ችሎትህ በር ላይ ቆሜ ባለጉዳይ እጠራለሁ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ለሥራ ወደ ወግዲ ከተማ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ወንድሜ አልተረፈም። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ነበር፣ እጄ እንቢ ይላል። መጻፍ የምችለው ከዚያ በፊት ያለውን ጠዋት ነው።

ጠዋት አብረን ወጣን፤ እሱ ወደ መናኸሪያ፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤት። መገንጠያው ላይ ሰው እያየ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። «ክቡር ዳኛ፣ ደህና ይዋሉ» አለኝ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

የትምህርት ቤቱ ቢሮ በር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፎርሙን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሶሻል የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ፎርም የሚሰበስበው አስተማሪ ተቀብሎ አገላበጠው።

«ይሄ ሰማያዊ ምንድነው?»

«የከብት ቀለም ነው» አልኩት። «ተከትቤያለሁ።»

ከት ብሎ ሳቀ። እኔም ማታ ለወንድሜ የምነግረው ቀልድ አገኘሁ ብዬ እየሮጥኩ ወጣሁ።