ከስንዴው ዝርዝር የሰረዝኳቸው ጎረቤቴ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ወልቂጤ፣ በቀበሌያችን አዳራሽ አምስት ሰዎች ነበርን። የእርዳታ ኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ፣ ገበያ ላይ ቆጮ የሚሸጡት እናት፣ ከእስር ከወጡ ሁለት ወር ያልሞላቸው ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ ጽሑፌ ስለሚነበብ ጸሐፊ የተደረግሁት እኔ።

የእርዳታ ስንዴ የሚወስዱት ሰዎች ዝርዝር ከመለጠፉ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ተቃውሞ ያለው ይናገራል። የጎረቤቴ ስም ላይ ስደርስ ሊቀመንበሩ አስቆሙኝ።

«እሳቸው እኮ ታስረው የወጡ ናቸው።»

«ወላሂ፣ የታሰረ ሰው አይራብም የሚል መመሪያ አላየሁም» አሉ ሐጂው።

መመሪያውን ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ብዙ ስላልተማርኩ ያነበብኩትን ወረቀት ሁሉ በቃሌ እይዛለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ስለ እስር የሚል የለም። ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ በቀበሌው የኖረ ነው የሚለው» አልኩ።

«በቃ፣ አልነበሩም» አሉ ሊቀመንበሩ ቀለል ብሏቸው።

ጎረቤቴ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ የቤቴ ቁልፍ እንኳ እናትህ ጋ ነበር። የት ሄጄ ነበር?»

«ማረሚያ ቤት፣ ጋሼ። አራት ዓመት።»

ስማቸውን በማስመሪያ ሰረዝኩት። መስመሩ ቀጥ ያለ እንዲሆን መጠንቀቄን አስታውሳለሁ።

«አንተስ?» አሉኝ ቆጮ ሻጯ። «ሦስት ዓመት አዲስ አበባ ስትነግድ እናትህ ቤት ተቆጥረህ አልነበር?»

እኛ ዘንድ ከተማ የወጣ ሰው ለመስቀል እስከመጣ ድረስ እንደሄደ አይቆጠርም። እናቴም በእኔ ስም ጭምር ስንዴ ወስዳለች።

«እኔ ለመስቀል እመጣ ነበር» አልኩ።

«እሳቸውንስ ለመስቀል ማን ይፍታልህ?»

 ፊቴ እየጋለ የሚቀጥለውን ስም አነበብኩ። ያኔውኑ የጎረቤቴን ስም መልሼ መጻፍ እችል ነበር፤ እስክሪብቶው በእጄ ነው።

ሰኞ ዕለት አቤቱታ ጻፍኩላቸው። እስር ቀበሌ መልቀቅ ተብሎ እንዳይቆጠር ጠየቅሁ፤ የራሴንም ሦስት ዓመት ሳልደብቅ አስገባሁ። ወረዳው በስብሰባው የተባለው ሁሉ በጽሑፍ ይምጣልን ብሏል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቴ ከአዳራሹ ሲወጡ በሩ ላይ አንድ ነገር ተናግረው ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ ስለነበር አልሰማሁትም፤ እሳቸውን ለመጠየቅም አፈርኩ። እዚያ የነበራችሁ፣ የሰማችሁትን ጨምሩልኝ። እኔን ለማዳን ብላችሁ ግን ምንም አትቀንሱ።