ቀይ ቀለም ይዤ የገባሁበት ግቢ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የግቢዋን ጽጌረዳ ስታስከረክም፣ ቅጭ ቅጭ የሚለው የመቀስ ድምፅ በመስኮት ገባና ሻዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሰው እንዴት መቀስ ይፈራል ትዪ ይሆናል። እኔ ግን ያንን ድምፅ ስሰማ አሰላ ነኝ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጫማዬ በጤዛ ርሷል፤ መውጫውም ጠፍቶብኛል።

ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ማዘጋጃ ቤት፣ መሬት ክፍል ከገባሁ ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። አለቃዬ የአሰላ ተወላጅ ነው፤ ወሬውን በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ፣ ጁምዓ ቀን ነጭ ኮፍያውን አድርጎ የሚመጣ ቁጥብ ሰው። አንድ ጠዋት ወረቀትና አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«መንገዱ ሲሰፋ የሽማግሌው ግቢ ይነካል። ገብተሽ የሚፈርሰውን ምልክት አድርጊበት። ወረቀቱንም ይፈርሙልሽ።»

ሽማግሌው ማን እንደሆኑ ከተማው ሁሉ ያውቃል። አባታቸው የዚያ ሁሉ መሬት ጌታ ነበሩ። እሳቸው እንግሊዝ አገር ተምረው መጥተው በንጉሡ ጊዜ ምክር ቤት ገቡ። ሰው የሚያስታውሳቸው ግን በተናገሩት አይደለም፤ ከስብሰባ እየጠፉ አሰላ መጥተው አበባ በመትከላቸው ነው። ደርግ ሲመጣ መሬቱ ተወረሰ፤ እሳቸውም ብዙ ዓመት ታሰሩ። ሲፈቱ የቀረላቸው ያ ግቢ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከበሩ ሲወጡ ያየ የለም።

«ከኔ በፊት ማን ሄዶ ነበር?» አልኩ።

«ሁለት የክፍላችን ልጆች። አንዱን ውሻ አባረረው። አንዱ ጠመንጃ አየሁ ብሎ ተመለሰ።» ቀና ብሎ አላየኝም። «ሴት ላይ አይተኩሱም ብዬ ነው።»

የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ዘበኛው ፊቴን አየና «ሂን ሶዳቲን» አለኝ። አትፍሪ ማለት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያ መሰለኝ። ውሻውን አንገቱን ይዞ አሳለፈኝ።

ውስጡ እንዲህ ነው ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የጽድ አጥር፣ እንደ ግድግዳ ተስተካክሎ የተከረከመ፣ ግራና ቀኝ ይታጠፋል። ነጭ ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ ሁሉ አንዱ አንዱን ይመስላል። እርጥብ ጽድና ጽጌረዳ ይሸታል። ሦስቴ ከታጠፍኩ በኋላ በየት እንደገባሁ ጠፋኝ። «ቤቶች!» አልኩ። ከአጥሩ ወዲያ ቅጭ፣ ቅጭ ይላል። ስቆም ይቆማል። ስራመድ ይቀጥላል።

ጥጉን ስዞር ፊት ለፊት ተገናኘን። ረጅም፣ ቀጭን፣ በትከሻቸው ረጅም ነገር ያነገቡ። ጮህኩ፤ ቆርቆሮው ከእጄ አመለጠ፤ ክዳኑ ተከፍቶ ቀዩ ቀለም በነጩ ጠጠር ላይ ፈሰሰ።

ጠመንጃ የተባለው እጀታው የረዘመ የቅርንጫፍ መቀስ ነበር። እሱም ከትከሻቸው ወደቀ። ቀለሙን አዩ፤ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አዩ፤ ከንፈራቸው አመድ መሰለ።

«ዝርዝሩ ነው?» አሉኝ። «እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ሌላም ሰው አለ?»

አልገባኝም።

«እሺ የኔ ልጅ፣ እሄዳለሁ። ግን ካልሲ ላድርግ። ያን ጊዜ ያለ ካልሲ ነው የወሰዱኝ፤ የእስር ቤቱ ሲሚንቶ ይበርዳል።» ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ዘረጉልኝ።

ይህን ስነግርሽ ዛሬም ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ሙሉ ጠዋት እሳቸውን ስፈራ ነበር፤ እኔን መፍራታቸው ግን ከጠመንጃውም በላይ አስደነገጠኝ። እጃቸውን ያዝኩና «አባባ፣ መንገድ ነው! ለመንገድ ነው የመጣሁት፤ አጥሩ ሊፈርስ ነው» አልኩ፤ እያለቀስኩ።

«መንገድ ብቻ?»

«መንገድ ብቻ።»

ጠጠሩ ላይ ቁጭ አሉ። ጥቂት ቆይተው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጽጌረዳዎቹ ተነቅለው የሚተከሉበት ወቅት እስኪደርስ ሁለት ወር።

አለቃዬ የሆነውን ስነግረው ወረቀቱን ተቀበለኝ። «አባቴ የእነሱ ጭሰኛ ነበር» አለኝ፤ ወረቀቱንም መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። ሁለት ወር ሙሉ አልከፈተውም።

በነዚያ ሁለት ወራት ሽማግሌው በሩን አስከፍተው ተክሉን ለመጣ ሁሉ ሰጡ። ከጢቾ ሳይቀር ጋሪ ይዘው የመጡ ነበሩ። በመጨረሻው ቀን አለቃዬ ዶማ ይዞ መጣ። ከአጥሩ ሥር ያለውን፣ ከሁሉ ያረጀውን ጽጌረዳ አብረን ቆፈርን። ሽማግሌው አፈሩን በእጃቸው እየጠረጉ አለቃዬን ሲያዩት ቆዩ።

«ከእንግሊዝ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጉድጓዱን የቆፈረው አንተን የሚመስል ሰው ነው።»

«አባቴ ነው። ያን ቀን ዝናብ ነበር ይለኝ ነበር» አለ አለቃዬ።

«ስሙን ጠይቄው አላውቅም። ማን ነበር?»

አለቃዬ የአባቱን ስም ነገራቸው። ሽማግሌው ቀስ ብለው ደገሙት፤ አንዴም ሁለቴም። ከዚያ «ውሰደው፤ ያንተ ነው» አሉት።

አለቃዬ በበቆጂ መውጫ ባለው ግቢው ተከለው። በዚያው ዓመት ውርጭ መታው፤ እስከ ሥሩ ደረቀ። ሊጠይቃቸው በሄደ ቁጥር ግን «ጽጌረዳው አበበ?» ሲሉት «አብቧል አባባ» ነበር መልሱ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ሆስፒታል ተኝተው ነው። አለቃዬ አብሮኝ አልነበረም። ለይተው አወቁኝና እኔንም ጠየቁኝ።

«አብቧል አባባ» አልኩ፤ «ከአጥሩ በላይ ወጥቷል።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ።

«ውሃ አታብዛበት በይው።»