ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው

ተወልጄ ያደግኩት ዱራሜ ነው። ለማስተማር የተመደብኩት ግን ከሆሳዕና ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነበር፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንዲት የአገሬ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህርት፣ ስለነበረች አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን መኖር ጀመርን። እራት ስንሠራ በከምባትኛ እያወራን እንስቅ ነበር።

በኋላ እሷ ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በባለሙያነት ተዛወረች። የጠመኔው አቧራ ያስላት ስለነበር ደስ አለኝ። በቦታዋ ግን ሰው አልመጣም። በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዳንዴም እኔ ገብቼ የማይገባኝን ማስታወሻ አስገለብጣቸዋለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ አንዱን ጠረጴዛ ለሁለት ይጋሩት ነበር። ለጉዳይ የሄደ ሁሉ ያየው ነገር ነው።

የዓመቱ ማጠቃለያ ስብሰባ ሲደርስ፣ ይህን አንስተን እንጠይቃለን ብለን መምህራኑ ሁሉ ተስማማን። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መድረኩን ለአስተያየት ሲከፍት ግን አንድም እጅ አልወጣም። ትንሽ ጠብቄ ተነሳሁ።

«ተማሪዎቻችን ፊዚክስ ሳይማሩ ዓመቱ አለቀ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ሥራቸው ምንድን ነው? ሠሩ አልሠሩም ብሎ የሚጠይቃቸውስ ማን ነው?»

ኃላፊው አመስግኖኝ፣ መዋቅሩ ከላይ የመጣ መሆኑን ተናግሮ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ሐሳቤን የደገፈ አልነበረም። ሻይ ዕረፍት ላይ ብርጭቆዬን ይዤ ብቻዬን ቆምኩ። ለጡረታ የደረሱ አንድ መምህር በአጠገቤ ሲያልፉ ቀስ ብለው «ልክ ነሽ፣ ልጄ» አሉኝና ወደ ሌሎቹ ሄዱ።

አዲሱ ዓመት ሊጀመር ሲል ጓደኛዬ ወደ ትምህርት ቤት እንድትመለስ ተነገራት። ከዚያ ሁሉ ሰው እሷ ብቻ። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጓደኛሽ ስለጠየቀች ነው አሉኝ። ስሜን ጠርተሻል?»

«አልጠራሁም።»

«ታዲያ ለምን እኔን?»

በማግስቱ ኃላፊው ጋ ሄጄ ለምን እሷ ብቻ እንደተመለሰች ጠየቅኩት። አልተቆጣም። «መምህርት፣ የፊዚክስ አስተማሪ የለንም አልሽ፤ ተላከልሽ። ሌላ ምን ቀረ?» አለኝ። ስለ ሌሎቹ ያነሳሁትን እንዳልሰማ ሆነ።

ኃላፊው ያለኝን ልነግራት ቤት ስመለስ ፍራሿን ጠቅልላ ወደ ሌላ ቤት ለመሄድ ባጃጅ እየጠበቀች ነበር። የምለውን ሁሉ ሰማችኝ። ስጨርስ «እሺ» አለች፤ በአማርኛ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ባልደረቦቼም ማረፊያ ክፍል ስገባ ጨዋታቸውን ያሳጥራሉ፤ ክፋት የለባቸውም፣ ከእኔ ጋር መታየቱን ነው የፈሩት።

አሁን የምታስተምረው ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው። ዱራሜ ስሄድ እናቴ ሁልጊዜ ስለ እሷ ትጠይቀኛለች። ደህና ናት እላታለሁ። በግድግዳው በኩል ድምፅዋ ይሰማኛል፤ ተማሪዎቹም ሲመልሱላት እሰማለሁ። ጎበዝ አስተማሪ ናት።