አያትየው ከመኪና ይውረዱ

ከመንዟ ከተማ ከመሐል ሜዳ ልወጣ በዋዜማው፣ አመሻሹ ላይ፣ ቤታችን ሰርግ ቤት መስሎ ነበር። አክስቶቼ ሻንጣዬን እየተቀባበሉ ይሞሉታል፤ እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ አወጣለሁ፤ እነሱ መልሰው ይከታሉ። በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ እንደገና በሶ። አባቴ አቶ ሸዋንግዛው ደግሞ ከበግ ጠጉር የተሠራውን ወፍራም ባና ተሸክመው መጥተው በሩ ላይ ተገተሩ።

"ይኸን ሳትይዢ አትሄጂም፤ ጀርመን ብርድ ነው አሉ።"

"አባባ፣ ይኼ ባና ብቻውን አንድ ሻንጣ ይሞላል እኮ!"

"እንግዲያው አንቺ ቅሪና ባናው ይሂድ" አሉኝ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ስቄ፣ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ።

እዚያው ከተማ የሕፃናት ሐኪም ነበርኩ። ሳንባ ምችና ተቅማጥ ሳክም እውላለሁ፤ በዚያ አልታማም። ግን አንዷ እናት "አይናገርም" የምትለኝን ልጅ፣ ሌላዋ "ሌሊት እየጮኸ አስቸገረኝ" የምትለኝን ልጅ ይዛ ስትመጣ የማደርገው ይጠፋኝ ነበር። የልጅን እድገትና ጠባይ ከነቤተሰቡ የሚያክም ትምህርት ጀርመን እንዳለ ሰማሁ። መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ በሆነበት በዚያ ሰሞን፣ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቄ ወደ ደብረ ብርሃን ተሳፈርኩ።

ጀርመን ስደርስ ገና አየር ማረፊያው ላይ ጉምሩኩ በሶዬን አወጣው።

"ይህ ዱቄት ምንድን ነው?"

"የተቆላ ገብስ ነው።"

"ምን ያደርጋል?"

"ይበላል።"

"ለሕፃን ነው?"

"ለእኔ ነው።"

ፓስፖርቴን አየ፣ ወረቀቴን አየ፣ እኔን አየ። "ዶክተር፣ እዚህም እኮ ምግብ አለ" አለኝ በሐዘኔታ። የጀርመንን ምግብ ከቀመስኩ በኋላ ነው ሰውዬው እንዳልተረዳኝ ያወቅሁት።

የውጭ ዜጎች ቢሮ ደግሞ አንዲት ሴት የቤተሰብ ስሜን ጠየቀችኝ። የቤተሰብ ስም የለንም፣ የእኔ ስምና የአባቴ ስም ነው ብዬ አስረዳሁ።

"ስለዚህ ፍራው ሸዋንግዛው ነዎት።"

"ሸዋንግዛው አባቴ ናቸው።"

"ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ነዎት" ብላ ማኅተሟን ደለቀችው። ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። ለአባቴ በስልክ ስነግራቸው "እኔን ወይዘሮ ካሉኝ፣ እናትሽን ምን ሊሏት ነው?" አሉ።

ከሁሉም ያስቸገረችኝ ግን አከራዬ ናት። ገና ቁልፉን ሳትሰጠኝ "ጠዋትና ማታ መስኮቱን ወለል አድርገው ይከፍታሉ" አለችኝ።

"በዚህ በረዶ?"

"በዚህ በረዶ። አየር መግባት አለበት።"

"ያገሬ ሰው እኮ ዕድሜውን የሚፈጀው አየር እንዳይገባ ሽንቁር ሲደፍን ነው።"

"ለዚህ ይሆናላ ጥለው የመጡት" አለችኝ። ሄጄ ከፈትኩ። የሚገባው ብርድ የመንዝን ውርጭ አያህልም፤ ግን የመንዙን ከሰው ጋር ተጠጋግቼ ነበር የምችለው፤ የዚህን ብቻዬን ነው።

ቋንቋውን እንደምንም ተማርኩ፣ የሐኪሞቹን ፈተና አለፍኩ፣ የምመኘው ዓይነት የልጆች ማዕከል ለሙከራ ቀጠረኝ። የሙከራውን ጊዜ ፕሮቤጻይት ይሉታል። እሱን ካላለፍኩ ሥራው ይሄዳል፤ ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዴ ይሄዳል፤ ያን ሁሉ በሶ ተሸክሜ የመጣሁለት ትምህርትም በዚያው ይቀራል።

አለቃዬ ዶክተር ሊንደ የሚባሉ፣ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ሰዓታቸውን ሳያዩ የማይስቁ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ጠሩኝ።

"ዶክተር ሸዋንግዛው፣ የቀጠሮውን ግማሽ በሰላምታ ይጨርሱታል። ቤት እንዴት ነው፣ አያት እንዴት ናቸው… የማያውቋቸውን ሰዎች ሁሉ ይጠይቃሉ።"

"ካልጠየቅሁ እንዴት አውቃቸዋለሁ?"

"የመጣው ልጁ ነው።"

ምን ልበላቸው? እኛ ጋ ልጅ ብቻውን ታሞ አያውቅም። እናቱ አዝላው፣ አያቱ ከኋላ፣ አጎቱ በሬውን ፈትቶ፣ ጎረቤት ደግሞ ለምስክርነት ይከተላል። ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ፣ ስለ ቤቱ ሳትጠይቅ ቀጥታ ልጁን የሚነካ ሐኪም ባለጌ ነው። ይህን በጀርመንኛ ለማስረዳት ሞከርኩና ግማሽ ላይ ቃል አለቀብኝ። እሳቸውም "ዓርብ ስለ እርስዎ እንወስናለን፤ እስከዚያ ሥራዎን ተቀምጬ አያለሁ" አሉ።

እንግዲህ እሳቸው ጥግ ይዘው ተቀምጠው እያዩኝ ነው ዮናስ የመጣው። ስሙን ስሰማ ደስ አለኝ፤ የአገሬ ልጅ መሰለኝ። ዮናስ ግን ገና ሲገባ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ጠዋት ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት ሊያስገባው የሚይዘውን ሰው ሁሉ ይነክሳል፤ አስተማሪዎቹ ከዚህ በኋላ አንቀበለውም ብለዋል። እናቱ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ልማዴ አልለቅ አለኝና ቤት ውስጥ ማን ማን እንዳለ ጠየቅኋት።

"እኔ፣ ዮናስና አባቴ።"

"አባትዎ ደህና ናቸው?"

"ደህና ነው። መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቀናል።"

በመስኮቱ አየሁ፤ በረዶ እየጣለ ነው። ሽማግሌ ደጅ ቁጭ ብሎ እኔ ማሞቂያ ሥር! ይህ መሐል ሜዳ ቢሰማ አባቴ ገበያ አይወጡም። ተነሣሁ።

"ወዴት?" አሉ ዶክተር ሊንደ። "ቀጠሮው ለእናትና ለልጅ ነው።"

"አውቃለሁ፤ ይቅርታ" አልኩና ክፍል ውስጥ በማደርጋት ነጠላ ጫማዬ ወጣሁ።

መስኮቱን ሳንኳኳ ሽማግሌው ደነገጡ። "መኪና ማቆም ክልክል ነው?" አሉኝ።

"አይደለም። ይግቡ።"

"እኔ አልታመምኩም እኮ።"

"እርስዎ እዚህ ሆነው እኔ መሥራት አልችልም" አልኩና እጃቸውን ያዝኩ። ጉድ ነው ብለው መሰለኝ ዝም ብለው ተከተሉኝ።

ስንገባ ዮናስ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። የአያቱን ካፖርት ጫፍ ጨብጦ አጠገባቸው ተቀመጠና ጸጥ አለ። እናቱ ወንበሯን ወደ እነሱ አስጠጋች። ሽማግሌውን ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ባለቤታቸው ጠየቅኋቸው።

"ባለቤቴ በመከር ሞተች" አሉ።

"ዮናስ ያኔ የት ነበር?"

የመለሰልኝ ራሱ ልጁ ነው። "መዋዕለ ሕፃናት ሄጄ ስመለስ ኦማ የለችም።" ኦማ ሴት አያቱ ናት፤ ኦፓ ወንዱ። ከዚያ ካፖርቱን ጠበቅ አድርጎ "አሁን ኦፓ እንዳይጠፋ እጠብቀዋለሁ" አለ።

ሽማግሌው አቀፉት። ዶክተር ሊንደ ሰዓታቸውን አላዩም።

አሁን ጠዋት ጠዋት የሚወስዱት አያቱ ናቸው፤ መጀመሪያ ሰሞን ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው አብረውት ሲውሉ ከረሙ። ዮናስ አልፎ አልፎ አሁንም ይናከሳል፤ ልጅ ነዋ። ማዕከላችን ግን በቀጠሮው ጥሪ ላይ "ቤት ውስጥ ያሉ ሁሉ ይምጡ" የሚል ጨመረ። አንድ ቤተሰብማ ቃሉን አክብሮ ውሻውን ይዞ ከተፍ አለ። ዶክተር ሊንደ "ይኸው፣ የእርስዎ ሥራ ነው" አሉኝ፤ ውሻውንም አስገባነው።

ወደዚያች ዓርብ ልመልሳችሁ፤ ውሳኔው ተነገረኝ። ከቢሮው ሳልወጣ ደወልኩ።

"አባባ! ቋሚ ሆንኩ!"

የእናቴ እልልታ ስልኩን ሰነጠቀው። አባቴ ለጎረቤት ሲጮሁ ይሰማኛል፤ "ቋሚ ሆነችልኝ! ቋሚ!" ቋሚ ሥራ እኛ አገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ የሽማግሌውን ነገር ነገርኳቸው።

"መኪና ውስጥ? በዚያ ብርድ?"

"አስገባኋቸው እኮ።"

"እሰይ፣ የኔ ልጅ። እሰይ።"

እልልታው ጋብ አለ። አባቴ ወደ ደጅ ሳይወጡ አልቀረም፤ ነፋሱ ይሰማኛል።

"እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ። "ይኸ ቋሚ ማለት… እስከ መቼ ነው?"

ቀኑን ሙሉ የሰው ቤተሰብ ጥያቄ ስመልስ የምውለው ሐኪም ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግሁት።

"አባባ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ። አልሰማሁዎትም።"

"ሰምተሻል፣ ልጄ" አሉኝ።