ጠላው ብቻ የታየበት ቪዲዮ

ዛሬ እንጅባራ ገበያ መግቢያ ላይ የጎረቤታችን የአያ ፈንታ ጋሪ ከነከሰሉ ጭቃ ውስጥ ተገለበጠ። ፈረሱ ከሥር ተይዞ ይንፈራገጣል።

ጎረምሶቻችን ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ።

ጭቃው ውስጥ የገቡት እነዚያ ከረባት አስረው በእግራቸው የሚዞሩት ሁለት ወጣት ፈረንጆች፣ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን ናቸው። ከሰሉን አውርደው ፈረሱን አስነሱት። ነጭ ሸሚዛቸውን እናቶቻቸው ባያዩት ይሻላል።

አያ ፈንታ ደስ ብሏቸው ጠላ አስቀዱላቸው። አንደኛው በተሰባበረ አማርኛ፣ "ይቅርታ አባባ፣ በሃይማኖታችን አንጠጣም" አላቸው።

"እኛስ እንጾም የለ?" ብለው አያ ፈንታ በሶ አስበጠበጡላቸው። ልጆቹም ጭልጥ አድርገው ጠጡ።

ቤት ገብቼ ፌስቡክ ስከፍት ቪዲዮው ተለጥፏል። ጠላውን ሲመልሱ ያለው ብቻ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ከላዩ "ሊሰብኩን መጥተው የሽማግሌ ጠላ ናቁ" ተብሎበታል። ጋሪው የለም፣ ፈረሱ የለም፣ በሶው የለም።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ስብከታቸውን አልሰማም። ይሄ ግን አንገሸገሸኝ።

እናንተ ሰፈርስ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ቆራጭ ገጥሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።

የእኛው ለጣፊ የአያ ፈንታ የልጅ ልጅ ነው።