አደራ የተባለው ወረቀት

ዛሬ ጃጁራ በምትባል ከተማ አንድ አባት፣ ዓምና በራሴ እጅ ጽፌ የሰጠሁትን ወረቀት ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አውጥተው መለሱልኝ።

ሥራዬ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ጥናት ቤት ለቤት እየዞርኩ መረጃ መሰብሰብ ነው። ዓምና የለካናቸውን ሰዎች ዘንድሮ ደግመን እንለካለን።

ዓምና የእኚህ አባት ባለቤት ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሎ ነበር። "እኔን እኮ ምንም አላመመኝም" ብለው ሳቁብኝ። ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ወረቀቱን ጻፍኩላቸውና ወደሚቀጥለው ቤት ቸኮልኩ።

ዛሬ በሩን የከፈቱልኝ አባወራው ናቸው። "ከፋሲካ በፊት ራሴን እንዳለች ወደቀች። አልተነሳችም" አሉኝ።

ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን አምጥተው ወረቀቱን አወጡ። አልቆሸሸም፣ አልተጨማደደም።

"ስትመለሱ የምትጠይቋት መስሏት፣ እንዳይጠፋ እዚህ አስቀመጠችው። አደራችሁ ነው፣ ተቀበይኝ ልጄ።"

"የመጣነው ለጥናት ነው" ያልነው እኛ ነን። ወረቀቱ ለእሳቸው መታከሚያ መሆኑን ግን አስረግጬ አልነገርኳቸውም።

መረጃውን የምሞላበት ታብሌት ደግሞ ያልተለኩበትን ምክንያት ካልመረጥኩ አያሳልፈኝም። "ሞት" የሚለው "ቤት ቀይረዋል" ከሚለው በታች ነው። ነካሁት። "እናመሰግናለን" አለኝ።

ጥናቱ ሲያልቅ ለብዙ ሰው እንደሚጠቅም አምናለሁ። እሳቸውን ሊጠቅም ይችል የነበረው ግን ያ ወረቀት ነበር።

እናንተስ ቤት እንዲህ በክብር ተቀምጦ የቀረ የጤና ወረቀት አለ? ካለ ንገሩኝ። ግን መጀመሪያ ይዛችሁት ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ኮሜንቱ ይደርሳል።