ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የምትፋጭ መኪና

መምህሯ መኪናዋን ጋራዡ በር ላይ አቁማ ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ወደ ቀኝ ስታጠፍ ትፋጫለች» አለች። «ቀጥ ብዬ ስሄድ ምንም የላትም። ወደ ግራም ሰላም ናት። ወደ ቀኝ ስዞር ግን ብረት በብረት የሚፋቅ ነው የሚመስለው። ልጆቹ ከኋላ ሆነው ጆሯቸውን ያዙ።»

መካኒኩ ምክትል ይህን ሲሰማ እጁን የሚጠርግበት ጨርቅ ከእጁ ወደቀ። የዚችን መኪና የፊት ፍሬን ሸራ ከሦስት ቀን በፊት የቀየሩት ጋሽ ጆሮ ናቸው። ያን ዕለት ደግሞ እሱ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ከሰዓት በኋላ አልገባም ነበር።

ጋሽ ጆሮ የጋራዡ ባለቤት ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞች ናቸው፤ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት መኪናውን ቁጭ ብለው ስለሚያዳምጡ። ምክትል እሳቸው ዘንድ የገባው ጺም ሳያበቅል ነው። ይኸው ሃያ አራት ዓመት አለፈ፤ ራሱ ተመልጦ፣ ቦርጩ ከቱታው ቁልፍ ጋር እየተጣላ፣ ዛሬም ምክትል ነው። አልከፋውም። መፍቻ መያዝን ብቻ ሳይሆን ሰው ፊት ቀና ብሎ መቆምን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ዓመት ከመንፈቅ ሆነ፣ ጋሽ ጆሮ ይረሳሉ። መጀመሪያ የደንበኛ ስም ረሱ፣ ቀጥሎ መነጽራቸውን ያኖሩበትን፣ ቀጥሎ ቡሎን ማጥበቅን። ምክትል የመጀመሪያውን የላላ ቡሎን ሲያገኝ ዝም ብሎ አጠበቀው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ፤ ከምሳ በኋላ ጋሽ ጆሮ ጀርባው ክፍል ውስጥ ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ እሱ እንደ ሌባ እየተሽሎከለከ የነኩትን ሁሉ ፈትሾ ያጠብቃል። ሴት ልጃቸው በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ለምናዋለች። «እኔን አይሰማኝም። ሰው ሳይሞት አንተ ንገረው» ብላዋለች። እሱ ግን ነገ ነገ ሲል ከረመ። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው አፍ ይነገራል?

ጋሽ ጆሮ ከጀርባው ክፍል ብቅ አሉ። «ምን ትላለች መኪናዋ?»

«እኔ ልያት ጋሼ» አለ ምክትል ቶሎ ብሎ።

«አንተ እስክታያትማ ይመሻል። ይልቅ ተነሳና ንዳ።»

ምክትል ነዳ፤ ጋሽ ጆሮ መስኮቱን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አጠገቡ ተቀመጡ። ወደ ግራ ዞረ፤ ዝም። ወደ ቀኝ ሲዞር ያ ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ መጣ።

«በቃ፣ መልሳት» አሉ። «ወደ ቀኝ ስትዞር ክብደቷ የሚያርፈው ግራው ጎማ ላይ ነው። ያልገባው ሰው ይሄኔ ቀኙን ፈትቶ ሲደክም ይውላል። ኩሽኔታ ቢሆን ያጉረመርማል እንጂ እንዲህ አይፍቅም። ግራው ላይ የላላ ነገር አለ፤ የጎማውን ብረት፣ ቸርኬውን እየነካ ነው።»

ምክትል መኪናዋን እየመለሰ ሰረቅ አድርጎ አያቸው። ይኸው ያ ጆሮ፣ ይኸው ያ ጭንቅላት! ለአፍታ እሱም ሴት ልጃቸውም የተሳሳቱ መሰለው፤ እንዲሳሳቱም አጥብቆ ተመኘ።

መኪናዋን በክሪክ አንስተው ግራውን ጎማ አወለቁ። ሸራውን አቅፎ የሚይዘው ብረት የሚታሰረው በሁለት ቡሎኖች ነው። አንዱ ወልቆ ጠፍቷል፤ ሌላው በጣት ይሽከረከራል። ቸርኬው ውስጡ ዙሪያውን ተፍቆ ያብረቀርቃል። ጋሽ ጆሮ የቀረውን ቡሎን በሁለት ጣታቸው ፈትተው መዳፋቸው ላይ አኖሩትና ወደ መምህሯ ዞሩ።

«ልጆችሽን ይዘሽ በዚህ ነው የሄድሽው? ይሄን የሠራ ሰው ሁለተኛ መፍቻ መንካት የለበትም። የት ነው ያሠራሻት?»

መምህሯ ግራ ገብቷት ምክትልን አየችው።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ምክትል። «እኔ ነኝ የሠራኋት።»

በዚያ ጋራዥ ቡሎን ያጠበቀ ሰው የቡሎኑ ራስ ላይ በቀለም ይጭራል፤ ጋሽ ጆሮ በነጭ፣ ምክትል በቢጫ። ጋሽ ጆሮ ቡሎኑን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ጭረቱ ነጭ ነው።

«በኔ ቀለም መሥራት የጀመርከው መቼ ነው?»

ምክትል ቡሎኑን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው አልሰጡትም።

«ከዚህች በፊት ስንት ናቸው?»

«ጋሼ...»

«ስንት ናቸው አልኩህ።»

«አልቆጠርኳቸውም።»

«ማን አጠበቃቸው?»

«እኔ። እርስዎ ሲተኙ።» ከጀመረው አይቀር ብሎ ቀጠለ። «ዓመት ከመንፈቅ ሆነ።»

ጋሽ ጆሮ የወለቀው ጎማ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ቢያይ ምክትል በተሻለው ነበር። ያየው ፍርሃት ነው፤ በሃያ አራት ዓመት አይቶባቸው የማያውቀው።

«እንግዲያ አልሠራሁም ማለት ነው» አሉ። «ዓመት ከመንፈቅ ስጫወት ነዋ የከረምኩት።»

ከዚያ አዲስ ቡሎን አምጥቶ ሁለቱንም እንዲያጠብቅ አዘዙት። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አዩ። ሲጨርስ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት፣ ቱታቸውን አውልቀው አጣጠፉ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ምክትል በሩን ዘግቶ አለቀሰ። አንድ ነገር ብቻ አጽናናው፤ ክፉው ነገር ተነግሮ አልቋል።

በማግስቱ ጋራዡን ሊከፍት ሲመጣ ጋሽ ጆሮን በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው።

«ዛሬስ አረፈድክ» አሉት እየሳቁ። «የሳጥኔን ቁልፍ አየህልኝ? ቤት ምድሩን ባገላብጥ አጣሁት። ልጄን ብጠይቃት ደግሞ ታለቅሳለች፤ ምን እንደሆነች እንጃ።»

ምክትል ቁልፉ በኪሱ ነበር። መጀመሪያ ቀልድ መሰለው፤ ፊታቸውን ሲያይ ግን የትናንቱን ሁሉ እንደረሱት ገባው።

«ይቀመጡ ጋሼ» አለ። «የምነግርዎ ነገር አለ።»

«ደግ ነው?»

ወንበር አመጣላቸው። እሱም ከፊታቸው ቁጢጥ ብሎ፣ ነገ ጠዋትም፣ ከነገ ወዲያ ጠዋትም እንደ አዲስ የሚነግራቸውን ነገር ከመጀመሪያው ጀመረ።